ሊጤ ቶሎ ይኮመጥጥብኛል፤ አማቴ ደግሞ ለኩሉቢ ሊመጡ ነው

ጥያቄ፦ ከአዲስ ገቢዋ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለቤቴ በሥራ ምክንያት ወደ ድሬዳዋ ስለተዛወረ፣ ከደብረ ብርሃን መጥተን ሳቢያን ቤት ከተከራየን አራት ወር ሆነን። ከተማውንም ሰዉንም ወድጃለሁ፤ ከእንጀራዬ ጋር ግን ተጣልቻለሁ። በአገሬ ሊጥ አቡክቼ ሦስት ቀን፣ ብርዱ ሲጠና ደግሞ አራት ቀን ስጠብቅ የኖርሁ ሰው ነኝ። እዚህ በዚያው ልማዴ ስሠራ፣ ሊጡ በሁለተኛው ቀን አረፋው ሞቶ፣ ጠረኑ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሆኖ አገኘዋለሁ። ምጣድ ላይ ሲወርድ ዓይን አያወጣም፤ ጫፉ ይሰነጣጠቃል፤ የተረፈውም ሦስት ቀን ሳይሞላው ይሻግታል። ጥፋቱ የጤፉ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ወፍጮ ቤት ብቀይርም ለውጥ አላየሁም።

ለመጠየቅ ያስቸኮለኝ አማቴ ከእኅታቸው ጋር ሐምሌ 12 የሚመጡ መሆናቸው ነው። ኩሉቢ ገብርኤል ስለት ስላለባቸው የሐምሌ 19ን በዓል አክብረው፣ ፍልሰታ ሳይገባ ሊመለሱ አስበዋል። ሁለቱም ከ70 ዓመት በላይ ናቸው፤ ቆላ ወርደው አያውቁም። ከስለቱ በኋላ እኛ ቤት ጎረቤት ጠርተው ማብላት ይፈልጋሉ፤ ጎረቤቶቻችን ግን አብዛኞቹ ሙስሊሞች ስለሆኑ፣ ማንንም ሳላስቀይም እንዴት እንደማዘጋጅ አላውቅም። ደግሞም «ለጋ ቅቤና በሶ ይዤ እመጣለሁ» ብለዋል፤ ቅቤው በዚህ ሙቀት ምን ይሆናል? የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ ከለገሀሯ እናት

ልጄ፣ እንኳን ደኅና መጣሽ። እኔም በ1974 ከአዲስ አበባ በባቡር ስመጣ ያንቺው ጣጣ ገጥሞኝ፣ ጎረቤቴ የነበሩ ሴት ሊጤን አሽትተው «ይህ ኮምጣጤ ነው» ብለው ስቀውብኛል። ጤፉ ምንም አልሆነም፤ አንቺ የደጋውን ሰዓት ይዘሽ ቆላ ወርደሽ ነው እንጂ።

መጀመሪያ ኤርሾውን ቀንሺ። በደብረ ብርሃን ብርድ ሊጡን ለመቀስቀስ አንድ ጣሳ ትጨምሪ ይሆናል፤ እዚህ ለሁለት ኪሎ ዱቄት ግማሽ የቡና ስኒ ይበቃል። ኤርሾሽ ራሱ የከረመና የመረረ ከሆነ ድፊው፤ ከጎረቤት አዲስ ለምነሽ በብርሌም ሆነ በጠርሙስ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑሪ። ማቡኪያ ውሃሽም የቀዘቀዘ ይሁን፤ ቀን ፀሐይ ሲመታው ከዋለ በርሜል የሚቀዳ ውሃ ለብ ያለ ስለሆነ፣ ገና ከጅምሩ ሊጡን ያጣድፈዋል።

ሙቀቱ በሚበረታበት በግንቦትና በሰኔ እኔ ጎህ ሲቀድ አቡክቼ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እጋግራለሁ፤ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት መሆኑ ነው። ማታ ከመተኛቴ በፊት ከላይ የጠለለውን ቢጫ ውሃ ቀስ ብዬ ደፍቼ በቀዝቃዛ ውሃ እተካዋለሁ፤ የኮምጣጣነቱ ግማሽ ከዚያ ውሃ ጋር ይሄዳል። የሊጡን ዕቃ ውሃ ባለበት ገበቴ ውስጥ አስቀምጬ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጥላ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ አብሲቱን እጥላለሁ። ልብ በይ፦ አብሲቱ በደንብ ሳይበርድ ከተመለሰ ሊጡን ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ ኩፍ ለማለት እዚህ አንድ ሰዓትም አይፈጅበት፤ ስለዚህ አብሲት ጥለሽ ተመልሰሽ እንዳትተኚ። እኔ ተኝቼ ሊጡ ከዕቃው ወጥቶ ወለሉን ሲያለብስ አግኝቼዋለሁ።

ሻጋታውን የሚያመጣው መቆለሉ ነው። ትኩሱን በትኩሱ ላይ ስትደራርቢ ላቡ መውጫ ያጣል። እያንዳንዱን ሰፌድ ላይ አብርጂ፤ ፈጽሞ ሲበርድ ደራርቢ፤ ለሁለት ቀን የሚበቃ ብቻ ጋግሪ። አማትሽ ለሳምንት የሚሆን በአንድ ቀን መጋገር የለመዱ ከሆነ ይህን ለማስረዳት ትቸገሪያለሽ።

መልስ፦ ከምግብ ዝግጅት መምህሩ

የለገሀሯ እናት የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ብቻ ልጨምር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር፣ ድሬዳዋ ደግሞ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናቸው። ሊጡን የሚያቦኩት ረቂቅ ሕዋሳት በሙቀት ሥራቸውን ስለሚያፋጥኑ፣ እዚያ በሦስት ቀን የሚያደርሱትን እዚህ በአንድ ቀን ያደርሱታል፤ ከዚያ አልፈው ሲሄዱ አሲዱ እየበዛ፣ ዓይን የሚያወጣው ጋዝ ግን እያለቀ ይሄዳል። ጠያቂዋ ያዩት ዓይን የሌለው፣ ኮምጣጣና የሚሰነጠቅ እንጀራ የዚህ ውጤት ነው።

ከፍታው ወጡንም ይለውጠዋል። ውሃ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 91 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ይፈላል፤ እዚህ ወደ 96 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ምስሩም ስጋውም ከለመዱት ጊዜ ቀድመው ይበስላሉ፤ በአገርዎ ሰዓት ከለኩ ምስር ወጡ ገንፎ ይሆንብዎታል። በአንጻሩ የድሬዳዋ ውሃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ (ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ የተጋገረውን ነጭ ነገር ሳያዩት አይቀሩም) ባቄላና ሽምብራ እንዳይለሰልሱ ይይዛቸዋል። መፍትሔው ጥራጥሬውን ማሳደር፣ መዘፍዘፊያውንም መቀቀያውንም ቀድሞ ተፈልቶ ከጠለለ ውሃ ማድረግ ነው።

ለጋ ቅቤውን በተመለከተ፣ ሳይነጠር እንዳይመጣ አጥብቄ እመክራለሁ። ቅቤን ቶሎ የሚያበላሸው ውስጡ የቀረው ውሃና አሬራ ነው። እዚያው ደብረ ብርሃን በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በበሶብላ አንጥረው፣ አጥልለው፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ቢያመጡት መንገድ ላይ ቢቀልጥ እንኳ አይበላሽም፤ ሲበርድ ተመልሶ ይረጋል። ለፀጉራቸው የሚሆን ለጋ ከፈለጉ ግን እዚሁ በጥቂት በጥቂቱ ይገዛላቸው። በሶው ደረቅ ሆኖ እስከመጣ ድረስ ችግር የለበትም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሐረርጌ የማሽላ አገር ነው። ጤፉን ከነጭ ማሽላ ጋር ቀላቅለው ቢሞክሩ ወጪም ይቀልልዎታል፤ በትኩሱ ሲበላም በጣም ይጣፍጣል።

መልስ፦ ከለገሀሯ እናት

መምህር፣ በማሽላው አልስማማም። በትኩሱ መጣፈጡ እውነት ነው፤ ሲያድር ግን ይደርቅና ይፈረፈራል። ከሸዋ ለሚመጡ አማት በመጀመሪያው ቀን ማሽላ ማቅረብ ጠብ መፈለግ ነው። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ትለማመደው።

መልስ፦ ከመጋላ ልጅ

እኅቴ፣ ጎረቤቶችሽን በማሰብሽ ደስ ብሎኛል። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ልጅ ሆኜ ጀምሮ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችንን የገብርኤል ዝክር እየበላሁ ያደግሁ ስለሆነ እንዴት እንደሚደረግ ልንገርሽ። ከበጉ ሌላ አንድ ሙክት ፍየል ግዢና ለምትቀርቢያት ሙስሊም ጎረቤትሽ ስጪያት፤ እነርሱ አርደው፣ በራሳቸው ድስት ሠርተው ያመጡታል። ይህን ስትጠይቂያት እንደ ሸክም አታየውም፤ አመነችኝ ብላ ትኮራበታለች። ሁለቱ ድስቶች ይለዩ፤ ጭልፋቸውም ይለይ። ምስር፣ ጎመን፣ ድንችና ሩዝ በዘይት ከተሠሩ ሁሉም አብሮ ይበላቸዋል። ጠላ ካለ ለብቻ፣ ሌላ ክፍል ይሁን፤ ለእኛ ሻይና ሳምቡሳ፣ ከዚያም ቡና ካለ ሌላ አንፈልግም። ቀኑን ግን ዓርብ አታድርጊው፤ እኛ ጁምዓ አለብን፣ አማትሽም ይጾማሉ።

ስለ ወተት ላስጠንቅቅሽ። ድሬ ውስጥ በየበሩ ከሚመጣው ወተት አንዳንዱ የግመል ነው። አማትሽ የግመል ነገር በአፋቸው እንደማያደርጉ እገምታለሁ፤ ስለዚህ ስትገዢም ሆነ ሻይ ቤት ሻይ በወተት ስታዝዢላቸው «የላም ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ማንም አይቀየምም። የላሙንም ቢሆን አፍልተሽ አቅርቢ።

አትክልት ለመግዛት ቀፊራ ገበያ በጠዋት ሂጂ። ድንቹ፣ ካሮቱና ጥቅል ጎመኑ ከሐረማያና ከሐረርጌው ኮምቦልቻ ስለሚመጣ ረፋድ ላይ ትኩስ ነው፤ ከቀትር በኋላ ግን የጠወለገውን ነው የምትገዢው፤ ሻጩም ደንበኛውም በዚያ ሰዓት ጥላ ፍለጋ ነው። ከሳቢያን ስትመጪ የደቻቱን ወንዝ ትሻገሪያለሽና ክረምት ላይ ደረቅ መስሎሽ በአሸዋው አታቋርጪ፤ በድልድዩ ሂጂ። እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ ተራራው ላይ ዘንቦ ውሃው ድንገት ይደርሳል። በ1998 ክረምት በሌሊት የመጣውን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ሁለት ጊዜ አይነገረውም።

መልስ፦ ከሸዋው ሰው

እኔም የዚያው አገር ሰው ነኝ፤ እዚህ 11 ዓመቴ ነው። እናቴን ሦስት ጊዜ አምጥቻቸዋለሁ፤ በመጀመሪያው ጊዜ የሠራሁትን ስሕተት እንዳትደግሙት እጽፋለሁ። ከደብረ ብርሃን አነሳስቼ፣ አዲስ አበባ ሳላሳድር፣ በማግስቱም ከአውቶቡስ እንደወረዱ ገበያ ላሳያቸው ይዣቸው ዞርሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ዋሉ። እርስዎ አዲስ አበባ አሳድሯቸው፤ ከደረሱም በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ብቻ ይውጡ። ሐምሌ 12 መምጣታቸው ለዚህ ይበቃል።

ሲሚንቶ ቤት ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ስለሚተፋው፣ ማታ ግቢው ላይ ውሃ ረጭተው አልጋቸውን ወደ ውጭ ማውጣት የሚሻል ሊመስልዎ ይችላል፤ ነውም። ነገር ግን ያለ አጎበር አይሁን፤ ደጋ የኖረ ሰው ወባን የሚቋቋምበት አቅም የለውም። ቀን የሚነድፍ፣ ደንጊ የሚባል የትኩሳት በሽታ የሚያስተላልፍ ትንኝም አለና የውሃ በርሜሎችዎን ይክደኗቸው። ትኩሳት ከያዛቸው በቤት መድኃኒት ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው፤ ደንጊ ሊሆን ስለሚችል አስፕሪን አይስጧቸው።

ኩሉቢ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የደንገጎን ዳገት ወጥተው፣ የሐረሩን መንገድ በግራ ትተው በቀኝ ሲታጠፉ አየሩ ይለወጣል፤ ሌሊቱ የእኛን አገር ያስታውሳል። ድሬ ላይ ጋቢ አያስፈልግም ብለው እንዳይተዉት። በዓሉ በታኅሣሥ 19 ከሚሰበሰበው ሕዝብ ጋር ባይተካከልም፣ በሐምሌም መንገዱ ይጨናነቃልና በ18 በጠዋት ወጥቶ ማደሩ ለአረጋውያን ይቀላል። ለስንቅ ያመጡትን በሶ ይያዙ፤ አይበላሽም፣ እሳትም አይፈልግም።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእማማን ምክር ትናንትና ዛሬ ሞከርሁት። ኤርሾውን በግማሽ ስኒ፣ ውሃውን ከማቀዝቀዣ አድርጌ፣ ቢጫውን ውሃ ማታ ደፍቼ፣ ዛሬ ሌሊት 10 ሰዓት አብሲት ጣልሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት እንጀራዎች ምጣዱ ገና ስላልሰማ ተበላሹ፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ግን ዓይኑ ሞልቶ ወጣ። ባለቤቴ «የእናቴን ይመስላል» አለኝ፤ እዚህ ከመጣን ወዲህ እንዲህ ሲል የመጀመሪያው ነው። ፍየሉንም ነገር ለጎን ጎረቤቴ ነግሬያት፣ «ድስቱንም ሠራተኛውንም እኔ አመጣለሁ» ብላኛለች። ቅቤው ተነጥሮ እንዲመጣ ስልክ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ «ቆላ ቅቤ አታውቁም እንዴ?» ብለው ትንሽ ተቆጥተው ተስማምተዋል።

የቀረኝ የልብስ ነገር ነው። አማቴ ከጥበብ ቀሚስ በቀር አይለብሱም፤ በዚህ ሙቀት እንዴት ይሆናሉ?

መልስ፦ ከመጋላ ልጅ

ድሪያ ግዢላቸው። ቀፊራ አካባቢ የተሰፋውም ጨርቁም አለ፤ ስስና ሰፊ ስለሆነ አየር ያስገባል። መጀመሪያ «ይህ የእኔ ልብስ አይደለም» ማለታቸው አይቀርም፤ አንቺ ራስሽ ለብሰሽ ተቀበያቸውና አልጋቸው ላይ አጣጥፈሽ ተይላቸው። ለእኅታቸው ስትገዢ ግን ቀለሙን ለየት አድርጊ፤ ካልሆነ ታጥቦ ከገመድ የወረደ ቀን ይጣሉበታል።