ቻይናዊ ወዳጄን ለካኦያን የእንግሊዝኛ ፈተና እንዴት ላግዘው?

ጥያቄ — ዘዉሃን

ጤና ይስጥልኝ። በቻይና ዉሃን ከተማ የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በመከታተል ላይ እገኛለሁ። በምሠራበት ቤተ ሙከራ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ አንድ የአራተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ አለ፤ ቻይንኛዬ ገና ባልተፈታበት ጊዜ ባንክም ሆስፒታልም አብሮኝ እየሄደ ያስተረጎመልኝ እሱ ስለሆነ፣ አሁን ውለታውን የምመልስበት አጋጣሚ አግኝቻለሁ። ልጁ በዲሴምበር መጨረሻ የሚሰጠውንና ቻይናውያን «ካኦያን» የሚሉትን አገር አቀፍ የሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና ሊቀመጥ ነው፤ ከሁሉም አብልጦ ያስጨነቀው ደግሞ «እንግሊዝኛ አንድ» የሚባለው ወረቀት ነው። እኛ የውጭ ተማሪዎች በሌላ መንገድ አመልክተን ስለምንገባ ይህን ፈተና አንቀመጥም፤ በዚህም ምክንያት ፈተናው በትክክል የሚለካው ምን እንደሆነ ከልጁ ከሰማሁት ያለፈ እውቀት የለኝም።

ልጁ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚሰጠውን የደረጃ አራት የእንግሊዝኛ ፈተና አልፏል፤ በሙያው የሚወጡ የጥናት ጽሑፎችንም ሳይቸገር ያነባል። ያለፉ ዓመታት የካኦያን ፈተናዎችን ሲሠራ ግን ከንባብ ጥያቄዎቹ ግማሽ ያህሉን ይስታል። «ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን አይያዝልኝም» ይለኛል። ጠዋት ጠዋት በስልኩ መተግበሪያ ቃላት ይሸመድዳል፤ ማታ ማታ ደግሞ ከእኔ ጋር በእንግሊዝኛ እንጨዋወታለን። ከኢንተርኔት የገዛቸውን የተዘጋጁ የድርሰት ቅጾችም ማጥናት ጀምሯል።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው፣ ጭውውታችን ለዚህ ፈተና ይጠቅመው እንደሆነ፣ ረጃጅሞቹን ዓረፍተ ነገሮች እንዲያፍታታ በምን መንገድ ልረዳው እንደምችልና የድርሰት ቅጾቹን እንዲተዋቸው ልምከረው ወይስ ዝም ልበል የሚለውን ነው።

መልስ — ወለተ ናንጂንግ

ወንድም ዘዉሃን፣ ናንጂንግ በተማርኩባቸው ዓመታት ለዚሁ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆችን አስጠንቼ ስለነበር የማውቀውን ላካፍልዎ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀመጠው በእርግጥ «እንግሊዝኛ አንድ» መሆኑን ያመለከተበትን ትምህርት ክፍል ማስታወቂያ አይተው ያረጋግጡ። ከ2010 ጀምሮ ፈተናው ለሁለት ተከፍሏል፤ በጥናትና ምርምር ላይ ላተኮረው ሁለተኛ ዲግሪ አንደኛው፣ ለሙያ ተኮሩ ደግሞ በአብዛኛው ሁለተኛው ይሰጣል፤ ሆኖም ለሙያ ተኮር ፕሮግራምም አንደኛውን የሚጠይቁ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በትርጉሙና በድርሰቱ ክፍል ስለሚለያዩ የአንዱ ዝግጅት ለሌላው ሙሉ በሙሉ አያገለግልም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ልምጣ። በጽሑፍ ፈተናው ላይ ንግግር የለም፤ ማዳመጥም ከ2005 ጀምሮ ከዚህ ወረቀት ወጥቶ ወደ ሁለተኛው ዙር ምዘና ተዛውሯል። ሦስት ሰዓት ተሰጥቶት ከመቶ የሚታረመው ወረቀት በሙሉ ንባብና ጽሑፍ ነው። ሃያ ባዶ ቦታዎችን የሚያስሞላው የመጀመሪያው ክፍል ለእያንዳንዱ ግማሽ ነጥብ፣ በድምሩ 10 ነጥብ ይይዛል። አራት ምንባቦችና ሃያ ጥያቄዎች ያሉት ዋናው ንባብ 40 ነጥብ አለው። ከምንባብ የተቆረጡ ዓረፍተ ነገሮችን ወደ ቦታቸው መመለስን ወይም የተዘበራረቁ አንቀጾችን በቅደም ተከተል ማስቀመጥን የመሰለው ክፍል 10፣ የተሰመረባቸውን አምስት ክፍሎች ወደ ቻይንኛ መተርጎም 10፣ አጭሩ ደብዳቤ ወይም ማስታወቂያ 10፣ ረጅሙ ድርሰት ደግሞ 20 ነጥብ አላቸው። እንግዲህ የማታው ጭውውታችሁ ለወዳጅነታችሁ ጥሩ ነው፤ ለዲሴምበሩ ወረቀት ግን የሚጨምረው ነጥብ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ያንኑ ሰዓት ለምንባብ ብታውሉት ይሻላል ባይ ነኝ።

ነጥቡን ቀለል አድርጎ እንዳያየውም ይንገሩት። አጠቃላይ ውጤቱ ከ500 የሚያዝ ቢሆንም ለእያንዳንዱ ትምህርት ለብቻው የተቆረጠ ዝቅተኛ ነጥብ አለ፤ በሂሳብና በሙያ ትምህርቱ የላቀ ሆኖ በእንግሊዝኛ ብቻ ከመስመሩ በታች የወደቀ ተማሪ ወደ ቀጣዩ ዙር አይጠራም። ለምሳሌ በ2022፣ መስመሩ ከፍ በሚልበትና «የመጀመሪያው ቀጠና» በሚባለው ውስጥ ባሉ አውራጃዎች ለምህንድስና 38፣ ለኢኮኖሚክስ 52፣ ለቋንቋና ሥነ ጽሑፍ 56 ነበር የእንግሊዝኛው መስመር። የምህንድስናው ዝቅ ያለ መሆኑ አያዘናጋው፤ 34 ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን መስመር ያወጣሉ።

አርባ ነጥብ የያዘው ንባብ ላይ ብዙዎቹ የሚወድቁት ምንባቡ ስላልገባቸው ብቻ አይደለም፤ አማራጮቹ የሚሠሩበትን ስልት ስላላወቁ ጭምር ነው። አንዱ አማራጭ የምንባቡን ቃላት እንዳሉ ይወስድና ባለቤቱን ይቀይራል፤ ሌላው በዓለም ላይ እውነት የሆነውን ነገር ግን ደራሲው ያላለውን ይናገራል፤ ሌላው ደግሞ «ብዙዎች» የተባለውን «ሁሉም» ያደርገዋል። ስለዚህ ልጁ ትክክለኛውን መልስ ማግኘቱ ብቻ አይበቃም፤ የቀሩት ሦስቱ ለምን ስህተት እንደሆኑ የምንባቡን መስመር እየጠቆመ ያስረዳዎት። ጥያቄዎቹ በአብዛኛው የአንቀጾቹን ቅደም ተከተል ስለሚከተሉ መልሱ የተቀመጠበትን ቦታ መፈለግ እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። ለዚህ ልምምድ ደግሞ የእውነተኛውን ፈተና ያለፉ ዓመታት ወረቀቶች ብቻ ይጠቀም፤ አሳታሚዎች አስመስለው የሚያዘጋጇቸው ጥያቄዎች የእውነተኛውን ፈተና አስተሳሰብ እምብዛም አይዙም።

መልስ — መምህር ዘሀዋሳ

እህቴ ወለተ ናንጂንግ የፈተናውን አወቃቀር በሚገባ ስላስረዱ እኔ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ብቻ ልቆይ። ቻይንኛ የማውቀው ጥቂት ቢሆንም፣ እንግሊዝኛ ሳስተምር የኖርኩት ለአማርኛ ተናጋሪዎች ስለሆነ ልጁ የገጠመው ችግር ለእኔ እንግዳ አይደለም።

እንግሊዝኛ ስሙን አስቀድሞ ይጠራና ማብራሪያውን ከኋላ ያስከትላል፤ ያ ማብራሪያ በውስጡ ሌላ ስም ካለው ለእሱም ሌላ ማብራሪያ ይከተለዋል፤ እንዲህ እያለ ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል። አማርኛ በተቃራኒው «ኮሚቴው ባለፈው ዓመት ያወጣውና በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የተቃወሙት መመሪያ» ይላል፤ ማብራሪያው ሁሉ ተዘርዝሮ ካለቀ በኋላ ነው ስሙ የሚመጣው። ቻይንኛም በግሱ አቀማመጥ ከእንግሊዝኛ ጋር ቢቀራረብም በዚህ በኩል ከእኛ ጋር ነው፤ ማብራሪያውን አስቀድሞ «ደ» በምትል ቃል ከስሙ ጋር ያያይዘዋል። ልጁ «አይያዝልኝም» ያለው በአእምሮው ውስጥ እያንዳንዱን ሐረግ ወደ ፊት እያመጣ ስለሚያነብ ይመስለኛል፤ አራተኛው ሐረግ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ይጠፋበታል።

ስለዚህ ሥራው በእርሳስ ይጀመር። በቀን ከአንድ ምንባብ ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይምረጡ። ልጁ አስቀድሞ የዋናውን ዓረፍተ ነገር ግስ ፈልጎ ያስምርበት፤ ቀጥሎ የግሱን ባለቤት ያግኝ፤ ከዚያ «ዊች»፣ «ዛት»፣ «ሁ» በመሳሰሉት የሚጀምሩትን ሐረጎች እያንዳንዳቸውን በቅንፍ ይዝጋ፤ በመጨረሻም እያንዳንዱ ቅንፍ የትኛውን ቃል እንደሚገልጽ በቀስት ያሳይ። በሁለት ነጠላ ሰረዝ መካከል የገባ ጣልቃ ንግግር ካለ ለጊዜው ይሸፍነው። ትርጉም የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። አጭሩን ቅንፍ ከስሙ በፊት አምጥቶ በ«ደ» ማያያዝ ይቻላል፤ ረጅሙን ግን እንዳለ ቢያስቀድመው የቻይንኛው ዓረፍተ ነገር ስለሚታነቅ ነጥሎ ሌላ ዓረፍተ ነገር ያድርገውና ስሙን ይድገመው። ይህ ዘዴ የትርጉሙን 10 ነጥብ ብቻ ሳይሆን የንባቡንም 40 ያግዛል።

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ እርስዎ ከእንግሊዛዊ አስጠኚ የሚሻሉበት ነገር አለ። እንግሊዛዊው ዓረፍተ ነገሩ ለምን እንደሚከብድ አይታየውም፤ እርስዎ ግን ያንኑ መገልበጥ ከልጅነትዎ ጀምሮ ስለሠሩት የት ላይ እንደሚሰናከል አስቀድመው ያውቃሉ። በድርሰቱም እንዲሁ ነው። እኛ «ምንም እንኳ» ብለን ጀምረን «ነገር ግን» ብለን እንደምንመልስ ሁሉ ቻይናውያንም ሁለቱንም ማያያዣዎች በአንድነት ስለሚጠቀሙ «ኦልዞ» ብለው «በት» ይጨምሩበታል። ከቁጥር በኋላ የብዙ ቁጥር ምልክት መርሳትም የጋራችን ነው። የእኛ ልጆች እምብዛም የማይቸገሩበት፣ ቻይናውያን ግን ደጋግመው የሚስቱት ግሱን ከባለቤቱ ጋር ማስማማትንና የግሱን ጊዜ ነው፤ የቋንቋቸው ግስ በባለቤትም በጊዜም ስለማይለዋወጥ ድርሰቱን ከጨረሰ በኋላ ለዚህ ብቻ አንድ ጊዜ ተመልሶ እንዲያነበው ያስለምዱት።

መልስ — አማርኛ ተማሪ ከቤጂንግ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ቻይናዊ ነኝ፤ አማርኛ የተማርኩት ቤጂንግ ነው፤ ይህንንም ፈተና ተቀምጬ አልፌዋለሁ። የመምህርን ማብራሪያ ሳነብ፣ እኔ አማርኛ ስማር የስም ገላጮቹ ለምን እንደቀለሉኝና ግሱ መጨረሻ ድረስ መዘግየቱ ለምን እንዳስቸገረኝ ገባኝ።

በድርሰት ቅጾቹ ላይ ግን ልጁን በድፍረት «ተው» አትበሉት እላለሁ። ረጅሙ ድርሰት በአብዛኛው አንድ ሥዕል ይሰጥና ከ160 እስከ 200 ቃል እንዲጻፍበት ይጠይቃል፤ ሥዕሉን መግለጽ፣ መልእክቱን ማብራራትና አስተያየት መስጠት ያስፈልጋል። ይህ አካሄድ ከዓመት ዓመት ስለማይርቅ አጽም ይዞ መግባት ተገቢ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው አጽሙ የተገዛ ሲሆን ነው፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ያንኑ መግቢያ ሲጽፉ አራሚው በመጀመሪያው መስመር ያውቀዋል። በ2023 ፈተና የተመዘገበው ሰው 4.74 ሚሊዮን ነበር፤ በ2025 ወደ 3.88 ሚሊዮን ወርዷል፤ ቢወርድም ያው ቅጽ ስንት ወረቀት ላይ እንደሚገኝ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ልጁ የራሱን አጽም ይጻፍ፤ እርስዎ ያርሙለት፤ እሱ የታረመውን ያጥና። ከእናንተ ጋር የማሳልፈው ማታ ቢኖረኝ ኖሮ የምጠይቀው ይህን ነበር፤ ማረም የሚችል ሰው ማግኘት ለእኛ ከቃላት መተግበሪያ ይልቅ ብርቅ ነው። በአጭሩ ደብዳቤ ላይ ደግሞ የራሱን ስም እንዳይፈርም ይጠንቀቅ፤ መመሪያው ይከለክላል፤ በብዙ ዓመታት ወረቀቶች «ሊ ሚንግ» ተብሎ እንዲፈረም ይታዘዛል።

ስለ ቃላትም አንድ ነገር ልበል። የፈተናው መርሐ ግብር 5,500 ያህል ቃላትን ይዘረዝራል፤ መተግበሪያዎቹ ለእያንዳንዱ አንድ የቻይንኛ ፍቺ ስለሚሰጡ ተማሪው የጨረሰ ይመስለዋል። ምንባቦቹ ግን ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋዜጦችና መጽሔቶች፣ ለምሳሌ ከኢኮኖሚስትና ከጋርዲያን የሚወሰዱ በመሆናቸው ቃላቱ በለመዱት ፍቺ አይመጡም፤ «አድሬስ» መኖሪያን ሳይሆን ለችግር መፍትሔ መሻትን ሆኖ ይመጣል። የጥናት ጽሑፍ አንባቢው ወዳጅዎ የሚሳሳተው ምናልባት በዚህ ጭምር ነው፤ የምህንድስና ጽሑፍ በቀጥታ ይናገራል፤ የጋዜጣ አምደኛ ግን የሌላውን ሐሳብ አስቀድሞ በሚገባ ያቀርብና በአንድ «ሆኖም» ይገለብጠዋል። ያንን «ሆኖም» ያላየ አንባቢ የደራሲውን አቋም በተቃራኒው ይመልሳል።

በፈተናው ቀን ጠዋት የፖለቲካ ትምህርት ወረቀት አለ፤ እጅ እስኪዝል የሚያስጽፍ ነው። እንግሊዝኛው የሚጀምረው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ተፈታኙ ድካሙን ይዞ ይገባል። እኔ ድርሰቶቹን አስቀድሜ፣ ባዶ ቦታ መሙላቱን መጨረሻ ላይ ነው የሠራሁት፤ ሌሎች ከንባቡ ይጀምራሉ፤ ግማሽ ነጥብ ብቻ በሚያስገኙት ባዶ ቦታዎች ላይ አስቀድሞ ሰዓት ማጥፋት ግን አይመከርም።

ጠያቂው — ዘዉሃን

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማስታወቂያውን አይተን «እንግሊዝኛ አንድ» መሆኑን አረጋግጠናል። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ጭውውቱን ትተን በመምህር ዘዴ አንድ ምንባብ እየፈታታን ነው፤ ልጁ ዋናውን ግስ ለማግኘት መጀመሪያ ላይ ብዙ ቢደናገርም ቅንፉን ሲዘጋጋ በራሱ ይስቃል። የቀረኝ ጥያቄ፣ የቅርብ ዓመታቱን ወረቀቶች አሁን ይሥራቸው ወይስ ያቆያቸው የሚለው ነው።

መልስ — ወለተ ናንጂንግ

የቅርቦቹን ሦስት ወይም አራት ያቆያቸው። አሮጌዎቹን በመምህር ዘዴ እየፈታታ ይቆይና ኅዳር ሲገባ የቀሩትን ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ልክ እንደ ፈተናው ሳያቋርጥ፣ በመልስ ወረቀት ላይ ይሥራቸው፤ ለምርጫ ጥያቄዎቹ ማጥቆሪያ ባለ ሁለት ቢ እርሳስ፣ ለጽሑፉ ጥቁር እስክሪብቶ ይጠቀም። ጭውውቱንም ለዘለቄታው አትተዉት። ውጤቱ በየካቲት አካባቢ ወጥቶ መስመሩን ካለፈ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ በሚካሄደው ሁለተኛ ዙር መምህራኑ ፊት ቀርቦ በእንግሊዝኛ ራሱን እንዲያስተዋውቅና ጥያቄ እንዲመልስ ይጠየቃል፤ የእርስዎ የማታ ሰዓት ዋጋ የሚኖረው ያን ጊዜ ነው።