የልብ ምት ሲፈጥን ሲስቶልን (ልብ የሚኮማተርበትን ጊዜ) ከዳያስቶል (ልብ ከሚላላበት ጊዜ) እንዴት ልለይ?

ሰላም ለሁላችሁ። የልብ ምርመራ እየተለማመድኩ ነው፤ የተቸገርኩት ማዳመጡ ላይ ነው። ታካሚውን 45 ዲግሪ ቀና አድርጌ አስተኝቼ በቀኙ እቆማለሁ። የልብ ጫፍ ምቱንም በግራ 5ኛው የጎድን አጥንት ክፍተት፣ ከአንገት አጥንት መሃል በሚወርደው መስመር አካባቢ አገኘዋለሁ። እስከዚህ ደህና ነው።

ምቱ ዝግ ሲል በልብ ድምፆቹ መካከል ካሉት ክፍተቶች አጭሩ ሲስቶል፣ ረጅሙ ዳያስቶል መሆኑ ይለይልኛል። በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ግን ዳያስቶል ስለሚያጥር ሁለቱ እኩል ይመስሉኛል፤ መርመር (በልብ ድምፆቹ መካከል የሚሰማ ተጨማሪ የሹሹታ ድምፅ) ብሰማ እንኳ የቱ ላይ እንደሆነ መናገር ያቅተኛል። የእጅ አንጓ ምት ዘግይቶ ስለሚደርስ ያሳስታል፤ ስለዚህ ካሮቲድን (የአንገቱን የደም ቧንቧ) በአንድ ወገን ብቻ ቀስ ብዬ እዳስሳለሁ፤ ከምቱ ጋር የሚገጥመው ኤስ 1 (የመጀመሪያው የልብ ድምፅ) ነው። ሆኖም ጣቴ ላይ ሳተኩር ጆሮዬ ይዘናጋል። እናንተ ሁለቱን እንዴት አጣጣማችሁ? ኤስ 2 (ሁለተኛው የልብ ድምፅ) ጎልቶ ከሚሰማበት ከልብ የላይኛው ክፍል ጀምሮ ስቴቶስኮፑን በትንሽ በትንሹ ወደ ጫፉ ማውረድስ ይሻላል?

ሌላው ደግሞ፣ ጫፉ ላይ ከኤስ 2 በኋላ ወፍራም ድምፅ ይሰማኛል። ቤሉን (ወፍራም ድምፅ የሚሰማበትን የስቴቶስኮፑን ጎን) ለስለስ አድርጌ ሳስቀምጥ አለ፣ ጫን ሳደርገው ይጠፋል፤ ታካሚው አየር ሲስብም ከኤስ 2 ጋር ያለው ክፍተት አይሰፋም። ይህ ኤስ 3 (ሦስተኛው የልብ ድምፅ) ነው ለማለት ይበቃል ወይስ በግራ ጎን አስተኝቼ ደግሜ ልስማ?