የድሮ ቮልስ ሻንሲ ላይ የተጋገረ ግሪስ በምን ይለቃል?

ቮልስ68፦
ሰላም ቤተሰብ፣ የ1968 ሞዴል ቮልስ 1300 አለኝ፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው ከስር ግን ጉድ ነው። ካምቢዮው ዙሪያና የኋላ አክስሎቹ ላይ ዘይትና ግሪስ ከአቧራና ከጠጠር ጋር ተጋግሮ የጣት ውፍረት ደርሷል፣ በካቻቢቴ ጫር ሳደርገው ላዩ ይፈረፈራል ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነው። የፊት አክስሉም ከዚህ አይሻልም። አንዱ ቤንዚን ረጭተህ በብሩሽ ፈግፍገው ይለኛል፣ ሌላው ካስቲክ ሶዳ በፈላ ውሃ፣ ላቫጆ ወስደህ በፕሬዠር አስመታው ያለኝም አለ። ሃሳቤ ከጠራ በኋላ አንቲረስት ቀብቼ ብዙ ዓመት እንዲቆይልኝ ነው። ጊቢ ውስጥ ራሴው ነው የምሰራው። የምታውቁ እስኪ ንገሩኝ

የካምቢዮ ሰው፦
ወንድሜ ቤንዚኑን በጭራሽ አታስበው። ቤንዚን በብርድም ቢሆን የሚቀጣጠል እንፋሎት ያወጣል፣ አንተ መኪና ስር ተኝተህ በሽቦ ብሩሽ ስትፈገፍግ አንድ ብልጭታ በቂ ነው። ላምባ ተጠቀም። ላምባ ለመቀጣጠል ቢያንስ 38 ዲግሪ ገደማ መሞቅ አለበት፣ እሱም ቢሆን እሳት ነውና ክፍት ቦታ ላይ ስራ፣ ባትሪውን ከኋላ መቀመጫ ስር ንቀለው፣ ክሪክ ብቻ አምነህም እንዳትገባ፣ ስታንድ አድርግለት።

ካስቲኩም ይቅርብህ፣ የቮልስ ሞተር ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) አሉሚኒየም ነው ካስቲክ ደግሞ አሉሚኒየም ይበላል። አሲድ ነክ የሆነ ማጠቢያም እንዳይነካው፣ የሞተሩና የካምቢዮው ቤት ማግኒዚየም ቅይጥ ስለሆነ አሲድ ይጎዳዋል።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፣ ምንም ፈሳሽ ሳታስነካው በፊት ቁጭ ብለህ እየው። ግሪሱ ዝም ብሎ አልተጋገረም፣ ከየት እንደሚፈስ እያሳየህ ነው። በአክስሉ ላይ ያሉት የጎማ ሽፋኖች ከተሰነጠቁ የካምቢዮ ዘይት በዛ በኩል ነው የሚወጣው፣ የኋላ ታምቡር (የፍሬኑ ከበሮ) ጀርባ ከረጠበ ደግሞ በዛ በኩል ዘይት የሚያግደው ሲል አልቋል ማለት ነው፣ እንደዛ ከሆነ የፍሬን ሸራህም ዘይት ጠጥቶ ይሆናል። በስልክህ ፎቶ አንሳው። አጥበህ ካጸዳኸው በኋላ ይሄ ምልክት አይገኝም፣ መፍሰሱን ሳታቆም ብትቀባው ደግሞ ቀለሙ ከስሩ ይላጣል

ቮልስ68፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገብቼ አየሁት የግራው ሽፋን ተሰንጥቋል ዙሪያው በሙሉ እርጥብ ነው። ታዲያ ላምባውን እንዲሁ ልርጨው? ናፍጣስ አይሆንም?

የካምቢዮ ሰው፦
መጀመሪያ በደረቁ ፋቀው። ወፍራሙ ቆሻሻ በእንጨት ወይ በፕላስቲክ ስፓቱላ ነው የሚወርደው፣ ላምባ ቀድመህ ካፈሰስክበት ጥቁር ጭቃ ሆኖ አንተኑ ያለብስሃል። ከስር ላስቲክ አንጥፍና ሰጋቱራ በትንበት፣ የሚወርደውን ሰጋቱራው ይጠጣዋል፣ ወደ ቦይ እንዳትለቀው አደራ፣ የአዲስ አበባ ቦይ መጨረሻው አቃቂ ወንዝ ነው። ቀሪውን በብሩሽ ላምባ እየቀባህ ትንሽ ጠብቀህ ፈግፍገው። ናፍጣም ያለቃል ግን ቅባት ጥሎ ይሄዳል ለቀለም ጠላት ነው። የፍሬን ቱቦዎቹን በላስቲክ ጠቅልላቸው፣ ጎማ ላምባ ሲነካው ያብጣል። የፊት አክስሉ ላይ ያሉትን ግሪስ መስጫዎች በደንብ አጽዳና አዲስ ግሪስ ስጣቸው፣ አሮጌው ከዳር ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ

ላሜራና ቀለም፦
ከላምባ በኋላ ያለውን እኔ ልጨምር። በላርጎና በሙቅ ውሃ ደግመህ እጠበው፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ፣ ከዛ በንጹህ ጨርቅ አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛው) አድርገህ ጥረገው፣ ጨርቁ እስኪነጣ ድረስ። መጥራቱን ለማወቅ ትንሽ ውሃ ጣል አድርግበት፣ ውሃው ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከተሰበሰበ ቅባት አለ፣ እኩል ከተዘረጋ ጠርቷል። ግሪሱ ሲነሳ ከስሩ የፋብሪካው ጥቁር ቀለም ጤነኛ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ ደህና ቀለም ካገኘህ አትላጠው፣ የዛገውን ብቻ አሸው። ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል ግን በደንብ ይታይ፣ አሲድ ላሜራውን እዛ ጋ ነው የሚበላው። ፕሬዠሩን ተወው ባይ ነኝ፣ በወለሉ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ቱቦ ክፍተቶች ውሃ ገብቶ ኬብሎቹ ያሉበት ቦታ ይተኛል፣ ከውስጥ ሲዝግ ደግሞ አታየውም

ሀበሻ ቨርጂኒያ፦
እዚህ አሁን ድራይ አይስ ነው የሚጠቀሙት፣ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ የቀዘቀዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፍሬ በአየር ግፊት ይተኩስበታል፣ ግሪሱ ደርቆ ይረግፋል በረዶውም በኖ ስለሚጠፋ ውሃ የለውም፣ የፋብሪካውን ቀለምም አይነካውም። የድሮ ፖርሽ ላይ ሲሰሩ አይቻለሁ በጣም ደስ ይላል። ግን ማሽኑ ውድ ነው፣ ለአንድ ቮልስ ከሆነ የጋሼ ላምባና ስፓቱላ ይበቃል

ቮልስ68፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ልጨምር፣ ግራይንደር ከሽቦ ብሩሽ ጋር ልከራይ አስቤ ነበር፣ ችግር አለው?

ላሜራና ቀለም፦
ለዛገ ቦታ ይሆናል፣ መነጽር አድርግ። ከኋላ መቀመጫ ስር መሃል ቱቦው ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ግን እንዳታስነካው። እሱን በላምባና በጥርስ ብሩሽ ብቻ፣ ቀለምም አታወፍርበት። ለቦሎ ስትሄድ ከሊብሬው ጋር ያስተያዩታል፣ ቁጥሩ ካልተነበበ ጣጣው ብዙ ነው