ማይል ከ6 ደቂቃ በታች ለመግባት ኢንተርቫል እንዴት ልሥራ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው የምኖረው። ማይል፣ ማለትም 1,609 ሜትር፣ በ6 ደቂቃ ከ30 እገባለሁ። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ግን ከ6 በታች ነው። ለመስቀል ሲመጣ አብረን ልንሮጥ ተነጋግረናል። በሳምንት አራት ቀን ኢንተርቫል እሠራለሁ፤ ማለትም 400 ሜትር ባለ በሌለ ኃይሌ ሮጬ፣ አረፍ ብዬ እደግመዋለሁ። ከሦስተኛው ዙር በኋላ እግሬ አልታዘዝ ይላል፤ ሰዓቴም ንቅንቅ አላለም። ምን ላስተካክል?

የቀድሞ የ1,500 ሯጭ፦ ወንድሜ፣ አራት ቀን በዛ። ሁለት ቀን ይበቃሃል፤ በሌሎቹ ቀናት እያወራህ የምትሮጠው ቀላል ሶምሶማ ይሁን። ትልቁ ነገር ግን ፍጥነቱ ነው። ማይልን በ6 ደቂቃ ለመግባት እያንዳንዱ 400 በ89 ሰከንድ አካባቢ ማለቅ አለበት። ልምምዱንም በዚያው ሰዓት ሥራው። 6 ጊዜ 400፣ በየመሃሉ 2 ደቂቃ ሶምሶማ። አንደኛው 80፣ ስድስተኛው 100 ሰከንድ ከሆነ አልተሳካም። ስድስቱም ሲመጣጠኑልህ ዕረፍቱን ወደ 90 ሰከንድ አውርደው፤ ፍጥነቱን አትንካው።

ሰዓቱ አልወርድ ማለቱ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ሯጭ ሮጀር ባኒስተር በ1954 እ.ኤ.አ. ማይልን በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ገብቶ የ4 ደቂቃውን ግድብ ሲሰብር፣ ልምምዱ 10 ጊዜ ሩብ ማይል (400 ሜትር ገደማ) ነበር፣ በ2 ደቂቃ ዕረፍት። ከ66 ሰከንድ ጀምሮ 61 ላይ ተቸነከረ። ሩጫውን ትቶ ለጥቂት ቀናት ስኮትላንድ ተራራ ሊወጣ ሄደ። ሲመለስ 59 ገባ። አንተም አሁን አንድ ሳምንት ቀለል አድርግና ከዚያ ጀምር።

የጅረን ልጅ፦ ባለ በሌለ ኃይል መሮጥ ካማረህ አቀበት ላይ አድርገው። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣው የጅረን መንገድ ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው! ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ሽቅብ ትፈተለካለህ፣ በእግርህ ቀስ ብለህ ትወርዳለህ። 6 ጊዜ ይበቃል። ዝናብ ከጣለ ግን የጅማ ቀይ ጭቃ ቁርጭምጭሚት ይሰብራልና አስፋልቱን ያዝ። መኪና ሳይበዛ፣ በማለዳ።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ ሳታሟሙቅ እንዳትጀምር አደራ። 15 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ከዚያ 80 ሜትር እየፈጠንክ 4 ጊዜ። የእግርህን አጥንት ከፊት በኩል ዳሰስ አድርገው፦ በጣት የምታሳየው አንድ ነጥብ ላይ ካመመህ ሩጫውን አቁምና ታይ። እሱን ችሎ መሮጥ አጥንቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አጥንቴ ደህና ነው። ለመሆኑ ከፍታው ለውጥ አለው?

የቀድሞ የ1,500 ሯጭ፦ አለው እንጂ! ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአክስትህ ልጅ ዝቅተኛ ቦታ ከሆነ የሚሮጠው፣ እዚህ መጥቶ በዚያው ሰዓት መግባት ይከብደዋል። ስለዚህ በስልክ የሚነግርህን ሰዓት እያሰብክ 89ኟን እንዳትለቃት።