ካምፓኒዎች ህንፃቸውን ሸጠው እዛው የሚከራዩት ነገር ለገዢው ያዋጣል ወይ?

የሜሪላንዱ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ የጡረታ ብሬ የገባበትን ፈንድ ዝርዝር ሳይ ሪል እስቴት የሚል አለበት እና ብዙው ካምፓኒዎች የራሳቸውን ህንፃ ሸጠው መልሰው ተከራይተው የሚሰሩበት ነው። ጥሩ ንብረት ከሆነ ባለቤቱ ለምን ይሸጠዋል? ለጡረታ ፈንድና ለኢንሹራንስ ይሆናል የሚባለውስ ምኑ ነው? የሚያውቅ ያስረዳኝ

ሂሳብ ሠራተኛው፦
ወንድሜ ስለቸገረው ብቻ አይደለም የሚሸጠው፣ ግድግዳ ላይ የታሰረውን ብር አውጥቶ ዕዳ ይከፍልበታል ወይ ሥራውን ያሰፋበታል። ቤላጂዮን እይ፣ የላስ ቬጋሱን ሆቴል። ባለቤቱ ኤም ጂ ኤም የሚባለው የካዚኖ ካምፓኒ በ2019 5 ፐርሰንቱን ለራሱ አስቀርቶ ብላክስቶን ለሚባለው ኢንቨስትመንት ድርጅት ፈንድ ሸጠው፣ ዋጋው 4.25 ቢሊዮን ዶላር ሆኖ የመጀመሪያው ዓመት ኪራይ 245 ሚሊዮን፣ ውሉ ደግሞ 30 ዓመት። ኪራዩ ከዋጋው በዓመት ወደ 5.8 ፐርሰንት መሆኑ ነው። ታክሱንም ኢንሹራንሱንም ጥገናውንም የሚችለው ተከራዩ ነው፣ ትሪፕል ኔት ይሉታል። ለብዙ ሺ ሰው ለብዙ ዓመት ጡረታ መክፈል ያለበት ፈንድ የሚገባለትን ብር ቀድሞ ማወቁ ትልቅ ነገር ነው።

ሳራ ዘ አሌክሳንድሪያ፦
እሱ እውነት ነው ግን የሬስቶራንት ካምፓኒውን ሬድ ሎብስተርንም ንገረው እንጂ። ጎልደን ጌት ካፒታል የሚባል ኢንቨስትመንት ድርጅት በ2014 በ2.1 ቢሊዮን ዶላር ገዛውና የሬስቶራንቶቹን መሬትና ቤት ነጥሎ በ1.5 ቢሊዮን ሸጠው፣ በገዛ ቤቱ ሲያበስል የኖረ ድርጅት በአንዴ ኪራይ ከፋይ ሆነ ማለት ነው። ሬድ ሎብስተር በሜይ 2024 ባንክራፕሲ (ኪሳራ) ገባ። ሌላም ምክንያት ነበረው፣ ያ 20 ዶላር ከፍለህ እስክትጠግብ ሽሪምፕ የምትበላበት ነገር ራሱ ጎድቶታል፣ ግን ገበያ ሲቀዘቅዝ ኪራይ አይቀዘቅዝም፣ ቤቱ የራሳቸው ቢሆን ትንሽ ይተነፍሱ ነበር። ሥራ ያጣው ሠራተኛ ነው በጣም የሚያሳዝነኝ። ለባለ ንብረቱም ቢሆን ቻፕተር 11 (ሥራውን ሳያቆም ዕዳውን በፍርድ ቤት የሚያስተካክልበት ባንክራፕሲ) የገባ ተከራይ የማይፈልገውን ውል በፍርድ ቤት ጥሎ መውጣት ይችላል፣ የብዙ ዓመት ያልከው ውል እዛው ቆመ ማለት ነው።

ሂሳብ ሠራተኛው፦
ትክክል ብለሻል። ለዚህ ነው ይሄን ነገር ህንፃ ገዛሁ ብሎ ሳይሆን ለተከራዩ ብር አበደርኩ ብሎ ማሰብ የሚሻለው፣ ህንፃው መያዣ ነው። ተከራዩ ቢወጣ ማን ይገባበታል? መጋዘን ከሆነ ሌላ ሰው ቶሎ ይገኛል፣ ለአንድ ሥራ ብቻ ተብሎ የተሰራ ፋብሪካ ግን ባዶውን ሊቀመጥ ይችላል።

የሜሪላንዱ፦
ሁለታችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ተከራዮቹ እነማን እንደሆኑ ግን ከየት ነው የማየው?

ሳራ ዘ አሌክሳንድሪያ፦
ፈንዱ የያዛቸው ካምፓኒዎች ስቶክ ማርኬት ላይ ካሉ ዓመታዊ ሪፖርታቸውን አውርድ፣ ትላልቆቹ ተከራዮችና ውሉ በየትኛው ዓመት ስንት ፐርሰንቱ እንደሚያልቅ በሰንጠረዥ ብዙ ጊዜ አለ። ኪራዩ ግማሹ ከአንድ ተከራይ የሚመጣ ከሆነ እኔ ብሆን አልገባበትም።