ቻቱቻክ ገበያ ውስጥ የጠፋብኝን ሱቅ እንዴት ላግኘው?

ለጉብኝት ከአዲስ አበባ ባንኮክ መጥቼ፣ ዛሬ ቅዳሜ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ከካምፔንግ ፔት የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በ2ኛው መውጫ ወጥቼ ቻቱቻክ ገበያ ገባሁ። ከ15,000 በላይ ሱቆች በ27 ክፍሎች የተደለደሉበት ይህ ገበያ መርካቶን ለለመደ ሰው አያስቸግርም ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ከአንዲት የሸክላ ዕቃ ሻጭ ጋር ስድስት ሲኒዎችና አንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ በ2,400 ባት ተስማምቼ፣ ግማሹን ከፍዬ፣ ዕቃውን እስክታሽግልኝ ድረስ ምሳ ልበላ ወጣሁ። ስመለስ ሱቁን አጣሁት።

የሰዓት ማማውን መነሻ አድርጌ ሦስት ሰዓት ያህል ዞርኩ፤ የስልኬ ካርታም ጣሪያ በለበሱት ጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ያለሁበትን ቦታ እያሳሳተ ልብስ ተራ ውስጥ ከተተኝ። እዚህ ሱቅ የሚለየው በክፍሉ፣ በመተላለፊያውና በራሱ ቁጥር ሲሆን፣ እኔ አንዱንም አልመዘገብኩም። በእጄ ያለው ስልክ ቁጥር የሌለበት፣ በታይኛ በእጅ የተጻፈ ደረሰኝና ሲኒዎቹን ብቻ በቅርበት ያነሳሁበት ፎቶ ነው። ሻጯ ታማኝ እንደምትመስል ልናገር፤ የጠፋሁት እኔ ነኝ።

በረራዬ ሰኞ ስለሆነ የቀረኝ ነገ እሁድ፣ ገበያው እስከሚዘጋበት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ብቻ ነው። ገበያውን የምታውቁ፣ በዚህ ደረሰኝና ፎቶ ብቻ ሱቁን ለማግኘት ነገ ጠዋት በቅድሚያ ወደ የትኛው ክፍል ልሂድ?