ደምቢያ ላይ ያበሉኝን እናት እንዴት ላመስግናቸው?

ጠያቂ፦
ሰላም የጎንደር ልጆች። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ለጥምቀት ጎንደር መጥቼ፣ ከበዓሉ በኋላ ጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያምን ልሳለም ስሄድ ቆላ ድባን እንዳለፍን የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። ትርፉ ጎማም ባዶ ነበር። ረዳቱ ሊያስሞላ ተመለሰ፤ እኛ ፀሐይ ላይ ቀረን።

ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት አንዲት እናት "ግቡ እንጂ፣ ምነው ፀሐይ ላይ?" አሉን። እንጀራ እየጋገሩ ነበር። የመጀመሪያዋን እንጎቻ ለልጅ ልጃቸው ሰጡ። ሁለተኛዋን ለእኔ። አክንባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው። ትኩስ ሽሮ ጨለፉበት፤ አርብ ስለነበር ቅቤ የለውም። ቃሪያው ከጓሮ ያኔውኑ የተቀጠፈ ነው። ቀጥሎ አንድ እቅፍ የሽምብራ እሸት መጣ። ስንፈለፍለው ጣታችን ላይ ኮምጠጥ የሚል ነገር ቀረ፤ ልጅቷ ጣቷን ስትልስ አይቼ እኔም ላስኩ።

ሽሮ በየቀኑ ማለት ይቻላል እበላለሁ። እንዲህ ያለ ግን በልቼ አላውቅም።

ስንነሳ 200 ብር መሶቡ ሥር ላስቀምጥ ስል አዩኝ። ፊታቸው ተለወጠ። "ልጄ፣ እንጀራ እሸጣለሁ አልኩህ?" አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። ምን ማድረግ ነበረብኝ? ሽሮውስ ምን ቢኖረው ነው?

የደምቢያዋ፦
ወንድሜ፣ አይክበድህ። ቤት የገባ እንግዳ አይከፍልም። "አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ" ሲሉህ ከጎረስክላቸው ደስ ብሏቸዋል።

ሽምብራው የማሳቸው ነው። የእኛ ጥቁር አፈር የክረምቱን ውሃ ይዞ ይቆያል። ዝናቡ ሲያበቃ ይዘራል፣ በዚያው እርጥበት ይደርሳል። ከዚያ ይቆላል፣ ይከካል፣ ከነቅመሙ ይፈጫል። እናቴ ትንሽ ትንሽ ነው የምታስፈጨው፤ ሽሮ ሲቆይ ሽታው ይጠፋል። ከተማ የምትገዛው ስንት ወር እንደተቀመጠ በምን ታውቃለህ?

ከአዘዞ፦
እንጀራውን አትርሱት እንጂ! እኔ በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው የምጋግረው። ጤፉ ያው ከገጠር የሚመጣልኝ ነው፣ አብሲት እጥላለሁ፣ ዓይኑም ጥሩ ይወጣል። ግን የእናቴን አያህልም። እሷ በኩበት እሳት ትጋግራለች፣ ምጣዱን በጎመን ዘር ታሰሳለች። ያ ሽታ እኔ ቤት የለም።

ደግመህ ስታልፍ ቡናና ስኳር ይዘህ ግባ። ያ ክፍያ አይደለም፣ ጥየቃ ነው። ለልጅቷ ደብተር ጨምርላት።

የደባርቅ ልጅ፦
በተባለው እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ስሜን ተራሮች በኩል ለተጓዥ አብስለው የሚሸጡ ቤተሰቦች አሉ። እነሱ ሥራቸው ነው፤ ሳትከራከሩ ክፈሏቸው። ሁለቱ እንዳይምታታብን።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ቀለል አለኝ። ሹፌሩ ጋ ደውዬ ነበር፣ ቤቱን ያውቀዋል። ለፋሲካ ቡናና ስኳሩን፣ ለልጅቷም ደብተር ይዤ እሄዳለሁ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቅ መምጣቴ ቆጭቶኛል። የደምቢያዋ፣ በፋሲካ ሰሞን ሽምብራው ተሰብስቦ ያልቃል አይደል? እሸቱ ላይ አልደርስማ።